ከ«ሀ» በፊት «በ»ን ስለ ማስቀደማችን

ይህን ቻናል የምትከታተሉና ዓርብ ጧት ልጆቻችሁን ወደ ተረት ክፍላችን የምትልኩ ወላጆች፣ «ልጃችን ከእናንተ ዘንድ በተመለሰች ቍጥር ስለ አንዲት በግና ስለ ባቡር ታወራለች እንጂ ሀሁ ስትቈጥር አልሰማናትም፤ ለመሆኑ ፊደል ታስተምራላችሁን?» ብላችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ በሁለት ቃል ከምመልስ ይልቅ የዝግጅቱን ሥርዓት ከነምክንያቱ ብጽፈው የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። ለቴሌግራም ረዘመ የሚል ቢኖር፣ የጅቡቲ ቀትር ከቤት አያስወጣምና ለማንበብ ጊዜ አያጣም።

በዚህ ከተማ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ሁኔታ በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ከሚያድገው ልጅ ሁኔታ ጋራ አንድ አለመሆኑን አስቀድሞ ማስተዋል ያስፈልጋል። የአገሩ መንግሥት ይፋዊ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ በመሆናቸው፣ ልጁ ከደጁ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ በሱቆቹ ግንባር ላይ የሚያየው ጽሕፈት ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው የላቲን፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደው ደግሞ የዐረብ ፊደል ነው፤ በሰፈር ከጓደኞቹ የሚሰማቸው ሶማሊኛና ዓፋርኛም ቢሆኑ ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ከጥቂት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ደጅ በቀር፣ እናቱ በቤት የምትናገረው ቋንቋ የራሱ ጽሕፈት ያለው መሆኑን የሚመሰክርለት ግድግዳ አያገኝም። ስለዚህ ፊደላችን ለዚህ ልጅ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል፤ ሦስተኛ ሆኖ የመጣ እንግዳ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚያስለቅስ ከሆነ ዳግመኛ በሩን የሚከፍትለት የለም።

በቀድሞው ሥርዓት ተማሪው ከየኔታ ፊት ተቀምጦ፣ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ቈጥሮ፣ አቡጊዳውን ተሻግሮ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከወንጌልም ወደ ዳዊት ያልፍ ነበር፤ እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍሁ ስለ ሆንሁ ሥርዓቱን ላቃልለው አልደፍርም። ነገር ግን ያ ትምህርት የተሳካው ተማሪው ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከእርሱ ቀድመው ካጠኑ ታላላቆቹ መካከል ተቀምጦ በጆሮውም በዐይኑም ስለሚጠጣው ነበር። እኛ ያለን በሳምንት አንድ ጧት፣ እርሱም አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው። 33ቱን ፊደላት ከ7 ቤቶቻቸው ጋራ ብናባዛቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ገበታ ማቅረብ ማስደንገጥ ካልሆነ በቀር ማስተማር አይሆንም። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ለትውልድ ያሳተሙት ዓይነት የፊደል ገበታ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም እንዲያነበው አይገደድም፤ የዕለቱን ፊደል ፈልጎ ያገኘ ልጅ ግን ሄዶ በጣቱ ይነካዋል።

ታዲያ ለምን ከ«ሀ» አልጀመርንም? ሕፃን የሚያምነው ጆሮውን ነውና፣ ግዕዙ «ሀ» እና ራብዑ «ሃ» በአማርኛ አንድ ዓይነት ሲሰሙ ገና ከመነሻው ይደናገራል፤ ከዚያም ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» ተከትለው ይመጣሉ። በግዕዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ስለ ነበራቸው መለየታቸው ተገቢ ነው፤ ይህን ታሪክ ግን ለአምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱ «ሰ»ዎች፣ ሁለቱ «አ»ዎች፣ ሁለቱ «ጸ»ዎችም እንዲሁ ልጁ ማንበብ እስኪችል ድረስ ይቈያሉ። የቅደም ተከተሉን ክብር ጣስህ የሚለኝ ሊቅ ቢነሣ መጠጊያ አለኝ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የፊደሉ ጥንታዊ ተራ አበገደ ነው ብለው የተከራከሩ ሰዎች ናቸው፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ደስታ ታላቁ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም የተደራጀው በዚሁ ተራ ነው። በእነርሱ ሥርዓት «በ» ሁለተኛ ስለ ሆነች፣ የዘለልነው አንዲት «አ»ን ብቻ ነው።

«በ»ን የመረጥናት ስለ ቅርጿ ነው። ሁለት እግር ያላት፣ ደንቧን የማታፈርስ ፊደል ናት፤ ካዕቧ «ቡ» በቀኝ ጎኗ መካከል ላይ ጭረት ታወጣለች፤ ሣልሷ «ቢ» ያንኑ ጭረት ወደ እግሯ ጫፍ ታወርደዋለች፤ ራብዓ «ባ» ቀኝ እግሯን ታረዝማለች፤ ኃምሷ «ቤ» በቀኝ እግሯ ቀለበት ታጠልቃለች፤ ሳድሷ «ብ» ምልክቷን በግራ ጎኗ ታደርጋለች፤ ሳብዓ «ቦ» የግራ እግሯን ታስረዝማለች። የወደብ ከተማ ካርቶን አያጣምና፣ ከካርቶን አንዲት ትልቅ «በ»፣ አንድ ትንሽ ዘንግና አንድ ቀለበት ቈርጠን ለየልጁ እንሰጣለን፤ ልጁም ዘንጉን ከወገቧ ወደ እግሯ እያዛወረ፣ ቀለበቱን እያጠለቀ፣ አንዱን እግር ወደ ውስጥ እያጠፈ፣ ሰባቱን ቤቶች በገዛ እጁ ያወጣቸዋል። በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ቅርጽ ለብቻው ቆሞ ሲያይ የዋለ ልጅ፣ የእኛ ፊደል አካሉ አንድ ሆኖ በምልክት ብቻ ድምፁን እንደሚለውጥ በዚህ ጊዜ ይገለጥለታል። ወረቀትና እርሳስ የምናወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚበዛውን ጊዜ ግን ከባሕሩ ዳር አምጥተን ባጠብነው አሸዋ ላይ በጣት ማስጻፉን እመርጣለሁ፤ አሸዋ ስሕተትን አይመዘግብምና።

አሁን ወደ በጓ ልምጣ። አንዲት በግ ቡናዋን ጠጥታ ስትወጣ ቢራቢሮ ታያለች፤ እርሷን ስትከተል ባቡር ጣቢያ ትደርሳለች፤ በመስኮቱ ቤት እየቈጠረች ትጓዛለች፤ በመንገድ ብርቱካን ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ትጨምራለች። የተረቱ ጉዳዮች በሙሉ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በቤታቸው ተራ የተሰለፉ መሆናቸውን አስተውሉ፤ ልጃችሁ በግ፣ ቡና፣ ቢራቢሮ፣ ባቡር፣ ቤት፣ ብርቱካን፣ ቦርሳ እያለች ስትተርክላችሁ «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» እያለች መሆኗ ነው። ባቡሩ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደወሌ፣ በአሊ ሳቢህና በሆልሆል በኩል ወደ ናጋድ ይወርዳል፤ በየጣቢያው በጓ «ባሕሩ ይህ ነውን?» ብላ ትጠይቃለች፣ ልጆቹም ጣራውን እስኪያናጋ «አይደለም!» ብለው ይመልሱላታል። በመጨረሻ ባሕሩን ደርሳ ብትቀምሰው ጨው ሆኖ ታገኘዋለች፤ ያን ጊዜ ብርቱካኗ ታስፈልጋለች። ተረቱን የደረስሁት እኔ ነኝ፣ ስለ ውበቱም አልከራከርም፤ ነገር ግን በዚህ ክፍል ከሚቀመጡት ልጆች የብዙዎቹ አባት ሹፌር ወይም ትራንዚተር ስለ ሆነ፣ የጣቢያዎቹን ስም ከእኔ አስቀድመው የሚያውቁ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰውን የድሮውን ባቡር አያቶቻቸው ተሳፍረውበታል፤ እነርሱ የሚያውቁት እ.ኤ.አ. በ2017 ጅቡቲ ላይ የተመረቀውን የኤሌክትሪኩን ነው።

የቆየው የተረት ሥርዓታችንም ሳይታሰብ አግዞናል። «ተረት ተረት» ሲባል የሚመለሰው «የላም በረት» መሆኑን፣ ሲያበቃም አፍ የሚታበሰው በዳቦ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ «በ» በመግቢያውም በመውጫውም ቆማ ትጠብቃለች። ይህን ያገኘሁት እኔ ሳልሆን አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እኔ በልጅነቴ ያን ሁሉ ተረት ሰምቼ አላስተዋልሁትም ነበር።

ሕፃናትን በተረት ወደ መጽሐፍ የማቅረብ ሐሳብ እኛ የጀመርነው አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ያገለግሉ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ለኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ማነሱን ተመልክተው ወደ አገራቸው ተመለሱና፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የተባለውን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቈይተውም በሐዋሳ በኩል መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ አስጭነው ወደ ልጆቹ አደረሱ። የእኛ ክፍል ከዚያ ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ምንጣፍና አንድ ማራገቢያ ነው ያለን። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ስለሚቆም፣ በተለይም አገር ቤት ክረምት፣ እዚህ ግን እቶን በሚሆንበት ወራት፣ ተረቱን አሳጥረን ልጆቹን በጊዜ እንለቃለን።

ፈተና አንሰጥም፤ «ይህ ማን ነው?» እያልን ፊደል እያስነሣን አንጠይቅም፤ እናንተም በቤት ባትጠይቁ ደስ ይለኛል። ይልቁን ልጁ ተረቱን ሲያወራ ከነስሕተቱ ስሙት፤ ቡናው ከበጓ ቀድሞ ቢመጣ ዝም በሉት፣ በሚቀጥለው ዓርብ ጓደኞቹ ያርሙታል።

በመጪው ዓርብ «ለ» ተራዋ ነው፤ ለውዝ፣ ሉል፣ ሊጥ፣ ላም፣ ሌሊት፣ ልጅና ሎሚ ተዘጋጅተዋል። ሳብዓ «ሎ» የ«ቦ»ን መንገድ ስለማትከተል የካርቶኑን ሥራ በሸክላ ጭቃ ለመለወጥ አስበናል። ሊጡን ከቤቷ አቡክታ የምታመጣ እናት ብትገኝ፣ እንዲሁም ሎሚ ለየልጁ አንድ አንድ የሚሆን የምትችሉ ብታዋጡ፣ እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ጻፉልኝ። በሩ የሚከፈተው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት፣ በአገሩ አቈጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ ባለፈው ሳምንት በዚህ ልዩነት ምክንያት ተረቱ ካለቀ በኋላ የደረሱ ስላሉ ደግሜ አሳስባለሁ።