የማዳበሪያ ጭነትና የዐቀበት ሒሳብ፦ የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና የት ኃይል ይሙላ?

ማዳበሪያ በጊዜው ካልደረሰ የገበሬው ድካም ከንቱ ይሆናል፤ የዘር ወቅት መኪና ዘገየ ብሎ አይጠብቅምና። ከውጭ አገር የሚመጣው የኢትዮጵያ ማዳበሪያ በአብዛኛው በጂቡቲ ወደብ ይራገፋል። ከዚያም በጭነት መኪና የሚጓዘው በጋላፊ፥ በሚሌ፥ በአዋሽና በአዳማ አድርጎ ወደ ደጋው ይወጣል። ስለዚህ የዚህ መንገድ ጉዳይ የእርሻም ጉዳይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ታላቁ የኅዳሴ ግድብም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኤሌክትሪክ ጒዞ ከትናንሽ መኪናዎች አልፎ ወደ ከባድ ጭነት መኪናዎች በሚሸጋገርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ኃይል መሙያው የት ይተከል የሚለው ነው።

ጣቢያዎቹን በእኩል ርቀት መደርደር ቀላል ይመስላል። በሜዳ አገር ይህ ደንብ ብዙ አያሳስት ይሆናል። የጂቡቲ መንገድ ግን ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ሞጆ ሲደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ይላልና በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፥ በደልዳላ መንገድ ከሚፈጀው ሌላ፥ 109 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል። ከአዋሽ እስከ አዳማ ያለው የከፍታ ልዩነት 700 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ ለዚሁ ብቻ 76 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። በአንጻሩ ቡና ጭኖ ወደ ወደብ የሚወርደው መኪና በቁልቁለቱ ሞተሩ እንደ ፍሬን እየያዘ ከኃይሉ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል። እንግዲህ ለወራጁ የሚበቃው ጣቢያ ሽቅብ ለሚወጣው አይበቃም፤ ዋናው ጣቢያ በዐቀበቱ ግርጌ፥ በአዋሽና በመተሐራ አካባቢ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ደንብ ጣቢያው መኪናው በግድ በሚቆምበት ስፍራ መተከሉ ነው። በጋላፊ የጉምሩክ ፍተሻ ሲጠበቅ፥ በሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ሲራገፍ ባትሪው ቢሞላ ጊዜ አይባክንም።

ሦስተኛው የመስመሩ አቅም ነው። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ ዋት የሚስቡ አምስት መኪናዎች በአንድነት ሲሞሉ 1,500 ኪሎ ዋት ይፈልጋሉ፤ ይህን ያህል ጭነት ለትንሽ ከተማ በተዘረጋ መስመር ላይ ቢጫን የነዋሪውን መብራትና ወፍጮ ያቋርጣል። ስለዚህ ጣቢያው ለኃይል ማከፋፈያ የቀረበ ይሁን። በአፋር ቆላም ሙቀቱ የባትሪውን አሞላል ስለሚያዘገይ፥ በዳስ ጥላ ሥር መሠራቱ ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የመሙያዎቹ ቁጥር በዓመቱ አማካይ አይወሰን። ማዳበሪያ በብዛት በሚገባበት ወራት መኪናዎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ተራ መጠበቅ ቢበዛ ጉዳቱ ከጣቢያው ዐልፎ ከማሳ ይደርሳል። የመንገድ፥ የመብራት ኃይልና የእርሻ ሹማምንት አንዱን ካርታ በአንድነት ዘርግተው፥ የዘሩን ወር ቆጥረው ቢመክሩ፥ ገበሬው ማዳበሪያውን ከዝናቡ አስቀድሞ ያገኛል።