ሽቦ ያለው ወይስ ሽቦ የሌለው? የጆሮ ማዳመጫ ከመግዛትዎ በፊት

በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ለበዓል ከልጅ ልጃቸው ሽቦ የሌለው የጆሮ ማዳመጫ፣ በለመድነው አጠራር ኦዝኒዮት፣ ተሰጣቸው። ልጁ ከመጀመሪያ ደመወዙ ቆጥቦ የገዛው ነው። እናት ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። የአማርኛ ሬዲዮ ሲያዳምጡ ባትሪው መሀል ላይ ያልቃል፤ አንደኛው ፍሬ ከጆሯቸው እየወደቀ አልጋ ሥር ሲፈልጉት ይውላሉ። የድሮው ባለ ሽቦ ይሻለኛል እንዳይሉ ደግሞ ልጁ ቅር እንዳይለው ፈሩ።

ስህተቱ የእሳቸውም የልጁም አይደለም። ዕቃው የተገዛው ማን፣ የት፣ ምን እንደሚያዳምጥበት ሳይታሰብ ነው። ልጆቻችን በመቶዎች የሚቆጠር ሰቅል የሚያወጣ ማዳመጫ ግዙልን በሚሉበት በዚህ ጊዜ ልዩነቱን ማወቅ ለወላጅም ለአረጋውያንም ይጠቅማል።

የድምፁ ጥራት

ባለ ሽቦው ድምፁን ከስልኩ በቀጥታ ወደ ጆሮ ያደርሳል። ሽቦ የሌለው ብሉቱዝ በሚባል የሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ ድምፁ መጀመሪያ ተጨምቆ ይላካል፤ ማዳመጫው ላይ ሲደርስ እንደገና ይፈታል። በቁጥር ለማየት፣ የሲዲ ሙዚቃ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት መረጃ ይይዛል። የተለመደው የብሉቱዝ አሠራር የሚያስተላልፈው 330 ገደማ ነው። ኤልዳክ የሚባለው የተሻለ አሠራር እስከ 990 ይደርሳል፤ ለዚህ ግን ስልኩም ማዳመጫውም አሠራሩን የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

ታዲያ ይህ ልዩነት ለሁሉም ሰው አይታወቅም። ዜና፣ ውይይትና የስልክ ወሬ ለሚሰማ ሰው ዋናው ነገር የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መሰማቱ ነው፤ ለዚህ ጥቂት አሥር ሰቅል የሚያወጣ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይበቃል። መሰንቆና ክራር ለሚወዱም አንድ ነገር እናስታውስ። ብዙዎቻችን የምንሰማው የድሮ ዘፈን ከካሴት ተቀድቶ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ነው። ካሴቱ ላይ የጠፋውን ድምፅ የትኛውም ውድ ማዳመጫ አይመልሰውም፤ እንዲያውም የካሴቱን ማንሿሿት ይበልጥ ያሰማል።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ

በስልክ ወይም በዙም ለሥራ የሚጠየቁ ልጆች ካሉዎት ይህን ይንገሯቸው። ብዙ የብሉቱዝ ማዳመጫዎች ሙዚቃ ሲያጫውቱ ድምፃቸው ያማረ ነው። ማይክሮፎናቸው ሲከፈት ግን መሣሪያው ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፤ ያን ጊዜ የሚሰማውም የሚላከውም ድምፅ ይቀንሳል፣ የታፈነም ይመስላል። ባትሪም በማይሆን ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ለቃለ መጠይቅ ባለ ሽቦው አስተማማኝ ነው። ከቤት ሆኖ በሞኬድ፣ ማለትም በስልክ አገልግሎት፣ ለመሥራት የሚያስብ ሰውም ማዳመጫውን አሠሪው ይሰጥ እንደሆነ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።

ምቾቱ

ሽቦ የሌለው ትልቁ ጥቅሙ ነፃነት ነው። ወጥ እየሠሩ፣ ቤት እየጠረጉ ወይም በእግር እየሄዱ ለማዳመጥ የሚጎትት ገመድ የለም። በሌላ በኩል ትንንሾቹ ፍሬዎች በአንድ ሙሌት የሚሠሩት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ በ2016 መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያው ኤርፖድስ 5 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር። ባትሪያቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል፤ አብዛኛውን ጊዜም ስለማይቀየር ዕቃው በሙሉ ይጣላል። ባለ ሽቦው ባትሪ አያስፈልገውም፤ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገመዱ መሰኪያው አጠገብ ሲበጠስ ነው።

ሻሽ ለሚያስሩ እናቶችና መነጽር ለሚያደርጉ አባቶች ጭንቅላት ላይ የሚደፋው ትልቁ ዓይነት ሊጫን ይችላል፤ በቤር ሼቫ በጋ ደግሞ ጆሮን ያልባል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ከሆነ፣ አብረውት የሚመጡትን የተለያየ መጠን ያላቸው የላስቲክ ጫፎች ሞክረው የሚስማማዎትን ይምረጡ። የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ጫፉ ስለማይገጥም ነው። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ፣ ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ራሳቸው በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ስለሚገናኙ፣ ሌላ ማዳመጫ ከመግዛትዎ በፊት መሣሪያውን የሰጠዎትን ባለሙያ ይጠይቁ።

ሳይረን እና ጆሮ

የውጭን ድምፅ የሚያጠፉ ማዳመጫዎች አሉ። በባቡር ላይ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ሶሮካ ሆስፒታል በጁን 2025 በሚሳይል በተመታበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ሳይረን መስማት የሕይወት ጉዳይ ነው። ከጋዛ ለሚተኮስ ሮኬት በከተማችን ወደ መጠለያ ለመግባት የተሰጠን ጊዜ 60 ሴኮንድ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ብቻዎን ሲሆኑም መንገድ ሲሻገሩም አንድ ጆሮዎ ክፍት ይሁን፤ ልጆችዎንም እንዲሁ ያስለምዷቸው።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጅ ደግሞ በ75 ዴሲቤል ማዳመጥን እንደ ወሰን አስቀምጧል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ለመለካት መሣሪያ ከሌለዎት የስልኩን ድምፅ ከሙሉው 60 በመቶ በታች ያድርጉት። ባለ ሽቦም ሆነ ሽቦ የሌለው፣ ጆሮን የሚጎዳው የድምፁ ከፍታና የሰዓቱ ርዝመት ነው። ጆሮዎ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም ከጊዜ ወደ ጊዜ ድምፁን ከፍ ማድረግ ካስፈለገዎት፣ አዲስ ማዳመጫ ከመግዛት በፊት ኩፓት ሆሊም ሄደው የመስማት ምርመራ ይጠይቁ።

ሲገዙ

መጀመሪያ ስልክዎን ይመልከቱ። አፕል በ2016 በወጣው አይፎን 7 ላይ ክቡን የማዳመጫ ቀዳዳ አስቀርቷል፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከትለውታል። ዛሬ ባለ ሽቦ ማዳመጫ በክብ መሰኪያ፣ በታይፕ ሲ ወይም ለቀድሞዎቹ አይፎኖች በሚሆን መሰኪያ ይሸጣል። ስልክዎን ለሻጩ አሳይተው የሚገጥመውን ይውሰዱ። ደረሰኙንና የአህራዩት ወረቀቱን አይጣሉ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዙት ዕቃ ካልተስማማዎት በሕጉ መሠረት በአብዛኛው ዕቃው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላሉ። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ፣ የአካል ጉዳት ላለባቸው፣ እንዲሁም የኦሌ ወረቀት ካገኙ 5 ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች፣ ሽያጩ ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተፈጸመ ከሆነ ጊዜው እስከ 4 ወር ይረዝማል። ዕቃው ጉድለት ከሌለበት ሻጩ ሊቆርጥ የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሰቅል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ጉድለት ካለበት ምንም አይቆርጥም። ስረዛውን በጽሑፍ ቢልኩ ማስረጃ ይኖርዎታል።

የሰፈራችን እናት በመጨረሻ ነገሩን ለልጁ ነገሩት። እሱም ሳቀና የራሱን ባለ ሽቦ ማዳመጫ ሰጥቷቸው ስጦታውን በቴል አቪቭ ባቡር ላይ ሊጠቀምበት ወሰደ። አሁን እናት ሬዲዮአቸውን ሳይቋረጥ ይሰማሉ። እርስዎም ስጦታው ካልተመቸዎት ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ከሚያረጅ ለሚስማማው ሰው ቢሆን ይሻላል።