ቤት ሲዛወር፦ በአሜሪካ ከስቴት ወደ ስቴት ለሚሄዱ ምእመናን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዐቢይ ጾምና ለትንሣኤ በዓል ከሰሜን አሜሪካ ወደ ቅድስት ሀገር ኢየሩሳሌም የሚመጡ ምእመናን፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትም ሆነ በዴር ሱልጣን ከጸሎት በኋላ ለአባቶች ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ደጋግሞ የሚሰማ ነው፤ «አባ፣ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ሌላ ስቴት ልሄድ ነውና ይጸልዩልኝ» የሚል። አንዱ ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ዳላስ፣ ሌላው ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ፣ ሌላዋ ከሚኒያፖሊስ ወደ አትላንታ ለመሄድ ያስባሉ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የቤት ኪራይ መወደድ ነው፤ አንዳንዴ ሥራ፣ አንዳንዴም የታመመ ዘመድ። ጸሎቱ አይቋረጥም። ነገር ግን በጸሎት ብቻ የማይታለፉ፣ በጊዜው ካልተፈጸሙ ቤተሰብን የሚያናጉ የሥርዓት ጉዳዮች ስላሉ፣ ለተሳላሚዎችም፣ ምክር ለሚጠየቁ የገዳማችን አባቶችም ይጠቅማል በማለት ይህን አዘጋጅተናል።

አባታችን አብርሃም ከካራን ሲወጣ ሣራን፣ ሎጥን፣ ከብቱንና ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ እንደነበር እናውቃለን። የዛሬው ቤተሰብ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ አለው፤ እርሱም ወረቀት ነው። በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ፣ የራሱ ግብር፣ የራሱ የጤና መድኅን ሥርዓት ስላለው፣ ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ መሄድ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ እንደ መሄድ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም። ብዙዎች «ቴክሳስ የገቢ ግብር የለም» የሚለውን ሰምተው ይነሣሉ። እውነት ነው፣ በስቴት ደረጃ የገቢ ግብር የለም፤ ነገር ግን የቤትና የመሬት ግብሩ ከባድ ስለሆነ ቤት የሚገዛ ሰው ከወርኃዊ ክፍያው ጋር አብሮ ሊያሰላው ይገባል። ከዚህም ጋር ገቢ በሚያስግብር ስቴት የዓመቱን እኩሌታ የኖረ ሰው፣ ለዚያ ለኖረበት ጊዜ ግብሩን ማሳወቅ አይቀርለትም።

ከሁሉ አስቀድመን የምንናገረው ስለ አድራሻ ነው። ቀላል ቢመስልም ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነውና ጥቂት እንቆይበት።

የአሜሪካ ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው። የሚሞላው ቅጽ «ኤ አር 11» ይባላል፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያም የለውም። አባት ሞልቻለሁ ቢል ለሚስቱና ለልጆቹ አያገለግልም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይሞላል። ፖስታ ቤት ሄዶ ደብዳቤ ወደ አዲሱ ቤት እንዲዞር ማስመዝገብ ጥሩ ነው፤ ተራ ደብዳቤዎችን ለ12 ወር ያዞራል። ሆኖም ከኢሚግሬሽን የሚላኩ ደብዳቤዎችና ካርዶች ወደ ላኪው ሊመለሱ ስለሚችሉ፣ ፖስታ ቤቱን አምኖ መቀመጥ አይገባም።

ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ግዴታ አለበት። ጥገኝነት ጠይቀው ቀጠሮ የሚጠብቁ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች ይህን አይለዩትም፤ «ለኢሚግሬሽን ነግሬያለሁ» ይላሉ። ፍርድ ቤቱና የአገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው። ለፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ቅጽ «ኢ ኦ አይ አር 33» ሲሆን፣ ቤት በተቀየረ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መግባት አለበት፤ ግልባጩም ለመንግሥት ጠበቃ ይደርሳል። ከዚህ የባሰው ስሕተት አድራሻ ሲቀየር መዝገቡም አብሮ ወደ አዲሱ ከተማ የሚሄድ መምሰሉ ነው። መዝገቡ አይሄድም። ወደ ሌላ ፍርድ ቤት እንዲዛወር በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ዳኛው እስኪፈቅድ ድረስም ቀጠሮው በቀድሞው ከተማ ይጸናል። ከሲያትል ወደ ዴንቨር የሄደ ሰው የሲያትሉን ቀጠሮ ቢያሳልፍ ዳኛው በሌለበት ከሀገር እንዲወጣ ሊያዝበት ይችላል። የዓመታት ልቅሶና ተስፋ በአንድ ያልደረሰ ደብዳቤ ምክንያት የሚጠፋበት መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ መዝገብ በፍርድ ቤት ያለው ሰው ቤት ከመፈለጉ በፊት ጠበቃውን ያነጋግር፤ ጠበቃ ከሌለውም ምንም ከፈረመው ወረቀት ሁሉ ግልባጭ ይያዝ።

ዜግነት ለመጠየቅ የተዘጋጀም ሰው መዛወሩን ከማመልከቻው ጋር ያገናዝብ፤ በሚያመለክትበት ስቴት ወይም የመሥሪያ ቤቱ ቀጣና ቢያንስ 3 ወር መኖር ይጠበቅበታልና። እናቱን ወይም አባቱን በዋስትና ፈርሞ ያስመጣ ደግሞ ዜጋ ቢሆንም እንኳ፣ የዋስትናው ግዴታ እስካለበት ድረስ አድራሻውን በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ይህን የሚያውቅ እጅግ ጥቂት ሰው ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ከስቴት ወደ ስቴት ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት በፌዴራል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተመዘገበና የምዝገባ ቁጥር ያለው መሆን አለበት፤ ቁጥሩም በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ሊመረመር ይችላል። ዋጋውን በቃል የሚናገር፣ ቤቱን ሳያይ ወይም የዕቃውን ዝርዝር ሳይቀበል በስልክ ብቻ የሚያስማማ፣ ብዙ ቀብድ አስቀድሞ የሚጠይቅ አጓጓዥ ቢገጥማችሁ ተዉት፤ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ዋጋ ጨምሮ «ካልከፈላችሁ አላወርድም» የሚል ብዙ ነው። የጽሑፍ ግምት ሁለት ዓይነት ነው። አስገዳጅ በሆነው ግምት የተጻፈውን ብቻ ከፍሎ ዕቃን መረከብ ይቻላል። አስገዳጅ ባልሆነው ግን በርክክብ ጊዜ አጓጓዡ ሊጠይቅ የሚችለው ቢበዛ ከግምቱ 110 በመቶ ነው፤ ቀሪው በኋላ ይጠየቃል እንጂ ዕቃው መያዣ አይሆንም።

ዋስትናውም እንዲሁ። ተጨማሪ ክፍያ የሌለው ዋስትና ለጠፋ ወይም ለተሰበረ ዕቃ የሚከፍለው በክብደት ነው፤ ለ1 ፓውንድ 60 ሳንቲም። ከአያት የተወረሰ 2 ፓውንድ የሚመዝን የብራና ዳዊት ቢጠፋ ካሳው 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ የብራና መጻሕፍት፣ ቅዱሳት ሥዕላት፣ የመስቀልና የወርቅ ጌጥ፣ ፓስፖርት፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከእጅ አይለዩ። በጭነት መኪና አይጫኑም። ከዚህ ከኢየሩሳሌም የወሰዳችሁትም ዕጣንና መቁጠሪያ ከእናንተው ጋር በመኪናው ውስጥ ይሂድ።

አረጋውያን እናቶችና አባቶች ላሉበት ቤት ከባዱ ጉዳይ የጤና መድኅን ነው። ሜዲኬር የፌዴራል ስለሆነ በመሠረቱ በየትኛውም ስቴት ያገለግላል፤ በግል ድርጅት በኩል የሚሰጠው ዓይነት ግን በአካባቢ የተወሰነ ስለሆነ መቀየር ይኖርበታል። ሜዲኬይድ ከሰው ጋር አይዛወርም። በቀድሞው ስቴት ይዘጋል፣ በአዲሱ ከመጀመሪያው ይመለከታል፤ የሚፈቀድለት ሰውም ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቨርጂኒያ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ጎልማሶች ሜዲኬይድን አስፍታለች፤ ቴክሳስ አላሰፋችም። በቨርጂኒያ መድኃኒቱን በነጻ ሲወስድ የኖረ የስኳር ሕመምተኛ ዳላስ ሲደርስ መድኅን አልባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒት ሐኪሙን መጠየቅ፣ የሕክምና መዝገብን በእጅ መያዝ ይገባል። በግል መድኅን የሚገዛ ሰውም ከተዛወረ በኋላ አዲስ ለመመዝገብ በአብዛኛው 60 ቀን ብቻ ነው ያለው። የቤት ውስጥ ተንከባካቢ የሚከፈልላት እናትም ብትኖር አገልግሎቱ በአዲሱ ስቴት ወረፋ ሊኖረው ይችላልና ልጆቿ አስቀድመው ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ተሳላሚዎችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር እናስገባ። ኤስ ኤስ አይ የተባለውን ወርኃዊ ድጎማ የሚቀበሉ አረጋውያን ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆዩ ድጎማው ይቋረጣል፤ ተመልሰውም ሌላ 30 ተከታታይ ቀን ካልኖሩ አይቀጥልም። ጾሙን ሙሉ በኢየሩሳሌም ለማሳለፍ የሚመኙ እናቶች ይህን ዐውቀው ይወስኑ። መዛወርና ረጅም ጉዞ በአንድ ወቅት ሲገጥሙ ደግሞ ደብዳቤው ወደ አሮጌው ቤት፣ እናት በኢየሩሳሌም፣ ልጅ በመንገድ ላይ ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለውን ጊዜ ባትመርጡት ይሻላል።

መንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ቀላል ነው፤ ቀኑን ማወቅ ብቻ ይበቃል። ቴክሳስ ለመንጃ ፈቃድ 90 ቀን፣ ለመኪና ምዝገባ 30 ቀን ትሰጣለች፤ ሚኒሶታ ለሁለቱም 60 ቀን፤ ቨርጂኒያ ለመንጃ ፈቃድ 60 ቀን፣ ለመኪና 30 ቀን። የመኪናው ኢንሹራንስ ግን ከሁሉ ይቀድማል።

የልጆችን ትምህርት በተመለከተ የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ ከቀድሞው ትምህርት ቤት ሳይወጡ ይጠየቁ። በቴክሳስና በጆርጂያ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ፣ በፍልሰታ ጾም ዋዜማ ወይም በመካከሉ ነው፤ ሱባዔ ለመያዝ ያሰበ ቤተሰብ በሐምሌ ገብቶ ቢረጋጋ ይሻለዋል። ኮሌጅ የደረሰ ልጅ ያለው ደግሞ በአብዛኞቹ ስቴቶች የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት የ12 ወር ኑሮ እንደሚጠየቅ ይወቅ።

ስለ ሥራ ሁለት ነገር ብቻ። በነርስነት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስና ኮሎራዶ በአንድ የፈቃድ ስምምነት ውስጥ ያሉ ሲሆኑ ካሊፎርኒያ ግን የለችበትም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈቃዱ እስኪወጣ ያለ ሥራ የሚቆይበትን ጊዜ ያስላ። ሁለተኛው ካህናትን ይመለከታል። በሃይማኖት አገልጋይነት ቪዛ የገባ ቄስ ወይም ዲያቆን ፈቃዱ የተሰጠው ለጠየቀችለት ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው። ሌላ ስቴት ያለ ደብር ቢጠራው፣ ያ ደብር አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ አመልክቶ እስኪፈቀድለት ድረስ እዚያ ተቀጥሮ ሊያገለግል አይችልም። የሰበካ ጉባኤያት «ና ብቻ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» በማለት አባቶችን ወደ ችግር መክተታቸው ሊቆም ይገባል።

የመጨረሻው ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሀገራችን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚሄድ ሰው መሸኛ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ምእመንም ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ፣ ከሰበካ ጉባኤው የአባልነት መሸኛ ደብዳቤና የልጆቹን የክርስትና ምስክር ወረቀት ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። የቀረ ወርኃዊ አስተዋጽኦ ካለ ይከፈል፤ በማኅበር ወይም በዕቁብ ውስጥ ያለ ሰው የወሰደውን ሳይመልስ አይነሣ፤ የተጣላ ይታረቅ። ቤት ከመከራየት በፊትም በአዲሱ ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንዳለ፣ ቅዳሴው በየትኛው ሰዓት እንደሚገባ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መኖር አለመኖሩ ይጠየቅ። ርካሽ ቤት አግኝቶ ከቤተ ክርስቲያን የአንድ ሰዓት መንገድ የራቀ ቤተሰብ፣ ልጆቹ ሲያድጉ በየእሑዱ ማስነሣት እንደሚከብደው የሚነግሩን ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም።

ምክር ለሚጠየቁ አባቶችም የምናሳስበው ይኸው ነው፤ «ሂድ» ወይም «ቅር» ከማለት በፊት መዝገቡ የት እንዳለ፣ የታመመው ማን እንደሆነ፣ የንስሐ አባቱ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት። ስሙን ለጸሎት ሲጽፉም የሚሄድበትን ከተማ አብረው ይጻፉ፤ ከዚያ የመጡ ሌሎች ተሳላሚዎች በበዓሉ ስለሚገኙ፣ እዚሁ ሳለ ማስተዋወቅ ይቻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።