ነርሷና መምህሩ ለምን አይግባቡም?

የትምህርት ቤት ነርሶች በመምህራን ላይ ከሚያነሱት ቅሬታ አንዱ፣ የታመመ ልጅ ዘግይቶ ይላክልናል የሚል ነው። መምህሩም የራሱ ምክንያት አለው። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ፈተና ደርሷል፤ «ራሴን አመመኝ» እያለ ከሒሳብ የሚያመልጥም አይጠፋም። ነርሷ ግን የምታየው የተላከላትን ልጅ ብቻ ነው።

በሐጅ ዩሱፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኸሪፍ ዝናብ ውሃ በየሜዳው ይተኛል፣ ትንኝ ይራባል፣ ወባ ይከተላል። ፋልሲፓረም የተባለው ወባ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ሊጠና፣ ሊገድልም ይችላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያተኮሰው ልጅ እስከ 7 ሰዓት ክፍል ከተቀመጠ፣ ከ24ቱ አምስቱ ባከኑ ማለት ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት በካርቱም ብዙ ሐኪም ቤቶች ስለተዘጉ፣ ሕክምና ፍለጋው ራሱ ስንት ሰዓት እንደሚበላ አይተናል።

ስለዚህ መምህር ሆይ፣ ትኩሳት ካዩ ደወል አይጠብቁ። ልጁን ብቻውን አይላኩት፤ መቼ እንደጀመረውና ምን እንዳዩበት በብጣሽ ወረቀት ይጻፉለት። ነርሷም መልሷን በዚያው ወረቀት ጽፋ ትላክ፤ አለዚያ መምህሩ በሚቀጥለው ጊዜ መላኩን ይሰለቻል።

ተማሪዎችም አስቡበት፦ ሳያማችሁ «አመመኝ» ባላችሁ ቁጥር፣ በእውነት የታመመውን ጓደኛችሁን የሚያምነው ይጠፋል።