የቅርፊት ምስክርነት፦ ጨረራ የተሰጠውን ፍሬ እንዴት እንለያለን?

ነፍሳትንና ሻጋታን ለመግደል ጋማ ጨረራ የተሰጠው ፒስታቺዮ ካልተሰጠው በመልክም ሆነ በሽታ አይለይም። 10 ኪሎግሬይ የሚያህል መጠን እንኳ ለአንድ ኪሎግራም የሚያቀብለው ኃይል 10,000 ጁል ነው፤ ይህም ያንኑ ያህል ውኃ በ2.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ ያሞቃል። ከኮባልት 60 የሚወጣው ጋማ ጨረራም ምግቡን ጨረራ አመንጪ አያደርገውም። ያም ሆኖ ሸማቹ የማወቅ መብት አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው መመሪያም ጨረራ የተሰጠው ምግብ በጽሑፍ እንዲገለጽ ያዛል። ታዲያ ሻጩ ቢደብቅ በምን እናውቃለን?

መልሱ ያለው ቅርፊቱ ውስጥ ነው። ጨረራ የሴሉሎስን ኬሚካላዊ ትስስር ሲበጥስ ጥንድ የነበሩ ኤሌክትሮኖች ይነጣጠላሉ። እርጥበት ባለበት ቦታ እነዚህ ብቸኛ ኤሌክትሮኖች ወዲያው ይጠፋሉ፤ በደረቅና በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ግን ተይዘው ይቆያሉ።

ብቸኛ ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት ስለሆነ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሁለት የኃይል ደረጃዎች ይኖሩታል። ድግግሞሹ 9.5 ጊጋኸርትዝ የሆነ ማይክሮዌቭ ብንልክበት፣ መስኩ 0.34 ቴስላ ገደማ ሲደርስ ኤሌክትሮኑ ኃይል ወስዶ ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው ይዘላል። ዬቭጌኒ ዛቮይስኪ እ.ኤ.አ. በ1944 በካዛን ያገኘው ይህ ክስተት የኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ ይባላል።

ጨረራ ያልነካው ቅርፊትም በስፔክትረሙ መካከል አንድ መስመር ስለሚያሳይ፣ ይህ መስመር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወሳኞቹ ከእርሱ ግራና ቀኝ የሚታዩት፣ እርስ በርሳቸው በ6 ሚሊቴስላ ያህል የሚራራቁ ሁለት ደካማ መስመሮች ናቸው። ኢኤን 1787 የተሰኘው የአውሮፓ ደረጃም የሚመረኮዘው በእነዚሁ ላይ ነው።

የጨረራውን መጠን ለመገመት ደግሞ በዚያው ናሙና ላይ የታወቀ መጠን እንጨምራለን። ለምሳሌ የጎን መስመሮቹ ጥንካሬ መጀመሪያ 12 ነበር እንበል። 2 ኪሎግሬይ ስንጨምር 18፣ 4 ስንጨምር 24 ቢሆን፣ እያንዳንዱ ኪሎግሬይ 3 ይጨምራል ማለት ነው። የግራፉን መስመር ጥንካሬው ዜሮ እስከሚሆንበት ድረስ ወደ ኋላ ብንስበው የመጀመሪያው መጠን 4 ኪሎግሬይ ሆኖ ይገኛል።

ነገር ግን ፍሬው መጋዘን ውስጥ ሲቆይ ምልክቱ ይደክማል። በምሳሌአችን ከመለካታችን በፊት ግማሹ ጠፍቶ 6 ብቻ ቢቀር፣ ስሌቱ 2 ኪሎግሬይ ብቻ ይሰጠናል። ስለዚህ የድክመቱን ፍጥነት ሳያውቁ የተገመተ መጠን ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። የጎን መስመሮቹ መታየት ጨረራ መሰጠቱን ያረጋግጣል፤ አለመታየታቸው ግን አለመሰጠቱን አያረጋግጥም። ምስክሩ ዝም ቢል ተከሳሹ ነፃ ነው ለማለት አንችልም።