በጨለማ የሚያበራ ሰዓት የሚያሰጋው ማንን ነው?

በጨለማ የሚያበራ ሰዓት ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ጥያቄው መቶ ዓመት አልፎታል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ግን ሰዓቱን ስለሚያስረው ሰው ነው፤ ከባዱን ዋጋ የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

ማሪ እና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ያገኙት በ1898 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ራዲየም ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር ሲደባለቅ ጨረሩ ዚንክ ሰልፋይዱን ያለማቋረጥ እየመታ ያበራዋል። ፀሐይም መብራትም አያሻውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ያለ ወታደር ክብሪት ሳይጭር ሰዓት ማየት ነበረበትና ከዚህ ድብልቅ የተሠራው ቀለም እጅግ ተፈለገ።

በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ ውስጥ በነበረው ፋብሪካ የሰዓት ቁጥሮችን በዚህ ቀለም የሚቀቡት ወጣት ሴቶች ነበሩ። የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ተነገራቸው፤ ባሾሉ ቁጥር ቀለሙን ጥቂት ጥቂት ይውጡ ነበር። እነሱ ምንም አይጎዳችሁም ሲባሉ፣ የድርጅቱ ኬሚስቶች ራዲየሙን ከመከላከያ ጀርባ ሆነው በመቆንጠጫ ይይዙት ነበር። ሰውነት ራዲየምን ከካልሲየም ስለማይለየው አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሴቶቹ ጥርስ ረገፈ፣ መንጋጋቸው ተፈረካከሰ። ከእነሱ አንዷ ሞሊ ማጂያ በ1922 ስትሞት ምክንያቱ ቂጥኝ ነው ተባለ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ መመረዟ ሳያንስ ስሟም ጎደፈ። ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ በ1925 የበሽታውን መነሻ በማስረጃ አሳየ። በ1928 ሠራተኛዋ ግሬስ ፍራየርና አራት ባልደረቦቿ ከኩባንያው ጋር ተስማምተው ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላርና በየዓመቱ 600 ዶላር ተወሰነላቸው። የራዲየም ቀለም ግን እስከ 1960ዎቹ ከሰዓት ገጽ አልጠፋም።

ከነዚያ ሰዓቶች በየመሳቢያው የቀሩ አሉ። አብዛኞቹ ማብራት አቁመዋል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የደከመው ዚንክ ሰልፋይዱ እንጂ ራዲየሙ አይደለም፤ የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ገደማ ነው። ሰዓቱ እስካልተከፈተ ድረስ የአልፋ ጨረሩን መስታወቱና ብረቱ ያግዱታል፤ ከጋማ ጨረሩ ግን የሚያልፍ አለ። ክፉው ነገር የተፈረፈረው ቀለም በትንፋሽ ወይም በእጅ በኩል ወደ ሰውነት መግባቱ ነው። ከራዲየም ራዶን የተባለ ጋዝም ስለሚወጣ፣ ብዙ እንዲህ ያሉ ሰዓቶችን በታፈነ ክፍል ማከማቸት አይገባም። በእኔ እምነት ዛሬም ከባለቤቱ ይልቅ ሊታሰብለት የሚገባው ክዳኑን የሚከፍተው ሰዓት ጠጋኝ ነው።

ራዲየምን የተካው ትሪቲየም ግማሽ ዕድሜው 12 ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆን፣ ደካማ ጨረሩ መስታወትን አያልፍም። ብዙ ጊዜ በገጹ ግርጌ ባለ ቲ የሚል የላቲን ፊደል ይታወቃል። ዛሬም በታሸጉ ጥቃቅን የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ይሠራበታል። በ1990ዎቹ ደግሞ የጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ ከስትሮንቲየም አሉሚኔት የተሠራ ቀለም አመጣ። ይህ ቀለም ብርሃን አጠራቅሞ ለሰዓታት ይመልሳል እንጂ ከራሱ ጨረር አያመነጭም፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ሰዓቶች የሚቀቡትም በዚህ ዓይነቱ ነው።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ የተሠራ፣ የቁጥሮቹ ቀለም ወደ ቡናማ የዞረ ሰዓት ያለው ሰው ግን ቀለሙን አይፋቅ፣ ክዳኑንም አይክፈት። ለጥገና ሲሰጠውም ራዲየም ሊኖርበት እንደሚችል ለጠጋኙ አስቀድሞ ይንገረው።