የጀልባው ቋት የት ይገለበጣል?

ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ ውስጥ የአንድ ግቢ ሽንት ቤት ሲሞላ መፍትሔው የታወቀ ነው። መጣጭ መኪና ይጠራል፣ ወፍራሙ ቱቦ ይዘረጋል፣ ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል፣ መኪናው ጭኖ ይሄዳል። ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን ጎርጎራ ላይ የጣና ሐይቅ ጀልባ ስንሳፈር ግን ነገሩ ከሐሳባችን ይወጣል። ጀልባ ላይም ቢሆን ሰው ይበላል፣ ይታጠባል፣ ይጸዳዳል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ደቅ ደሴትንና ቁንዝላን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰው የመርከብ መስመር ደግሞ ለብዙ ዓመታት አዳር የሚጠይቅ ጉዞ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል?

ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ የሚያደርገው ዕቃ ቋት ነው። ቋት ማለት በጀልባው ሆድ ውስጥ የተገጠመ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ክዳኑ የታሸገ በርሜል ነው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ በእጅ ወይም በኤሌክትሪክ ፓምፕ ፍሳሹን ወደ ቋቱ ይገፋል፤ በመካከል ያለ ቫልቭ ተመልሶ እንዳይመጣ ያግደዋል። ከቋቱ አንድ ቀጭን ቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ መተንፈሻው ነው። በእርሱ በኩል ጋዝ ይወጣል፣ ንጹሕ አየር ይገባል። ሲደፈን ሽታው ይብሳል፣ ቋቱም በሚመጠጥበት ጊዜ ሊጨማደድ ይችላል። ሌላው ወፍራም ቧንቧ እስከ ጀልባው ወለል ይደርስና በሚጠብቅ ክዳን ይዘጋል። ወደብ ላይ ያለው የመምጠጫ ቱቦ የሚገባው በዚያ ነው።

የቋቱ መጠን በቀላል ስሌት ይወጣል። 20 መንገደኛ አንድ አንድ ጊዜ ቢጠቀም፣ በየጊዜው 2 ሊትር ቢፈስ፣ 40 ሊትር ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የ100 ሊትር ቋት ሁለት ምልልስ ይችላል። ሲሞላ ግን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናልና ጀልባዋን እንዳያዘነብል ዝቅ ብሎ፣ ወደ መካከል ተጠግቶ ይቀመጣል።

ከሽንት ቤቱ ሌላ ሁለት ፍሳሾች አሉ። አንዱ ከማጀቱና ከመታጠቢያው የሚወጣው እጣቢ ነው፤ ሳሙናና ቅባት ይዟል። ሌላው በሞተሩ ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ነው፤ ነዳጅና ዘይት ተቀላቅሎበታል። ይህን በሳሙና አሟሙቶ ወደ ሐይቅ መርጨት ዘይቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ዘይቱ በሚመጥ ጨርቅ ተለይቶ በዕቃ መውጣት አለበት።

የደንገል ታንኳ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም። ሞተር የላትም፣ ስታረጅም በስብሳ አፈር ትሆናለች። የምትሠራበት ደንገልም ከየብስ የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ ያጣራል። ዛሬ ግን የሞተር ጀልባው በዝቷል፤ ጎርጎራ አዲስ ሪዞርት ተሠርቶላታል፤ ጣናነሽ 2ን የመሰለች መርከብም ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ወደ ጣና ተጉዛለች። እንግዳ ሲበዛ ፍሳሹም ይበዛል።

የባሕር ሕግ ያልታከመ የሽንት ቤት ፍሳሽ ከየብስ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ እንዲለቀቅ ይፈቅዳል። ባሕር ጥልቅና ሰፊ ስለሆነ ይችለዋል ተብሎ ነው። ጣና ግን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መካከል ያለው የኮንስታንስ ሐይቅ 250 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ እንዲያም ሆኖ የሚሊዮኖች መጠጥ ስለሆነ ጀልባዎች የሽንት ቤት ፍሳሻቸውን እንዳይለቁበት ተከልክለዋል። ከጣናም በእንስራ ቀድተው የሚጠጡ አሉ። በሽንትና በዓይነ ምድር ውስጥ ያለው ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው የእምቦጭ አረም ቀለብ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለ እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያዛል።

ይሁን እንጂ የሚገለብጠው ያጣ ቋት መሙላቱ አይቀርም፤ የሞላበት ጀልባ ነጂ ደግሞ በጨለማ ቫልቩን ይከፍታል። ስለዚህ ቋትን ማስገደድ የሚቻለው ወደቡ ላይ መምጠጫ ሲቆም ነው። ትልቅ ግንባታ አይጠይቅም፤ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ የታሸገ ጉድጓድና በቀጠሮ የሚመጣ መጣጭ መኪና ይበቃል። የተጫነው ፍሳሽም ከወንዝ በራቀ ማድረቂያ መገልበጥ አለበት።

እርግጥ ከጀልባዎቹ ይልቅ ከተሞቹ ብዙ ያፈስሳሉ። የጎንደርን ግራና ቀኝ ይዘው የሚወርዱት አንገረብና ቀሃ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም ጣና ይገባል። ማራኪ የመጣው መኪና የጫነውን ሸለቆ ውስጥ ቢደፋው፣ ክረምት ሲገባ ጎርጎራ ላይ እናገኘዋለን። ስለዚህ ጀልባ ከመሳፈራችን በፊት ነጂውን «ቋትህን የት ትገለብጣለህ?» ብለን እንጠይቅ። ቤታችን በር ላይ ቆሞ ቱቦውን ለሚጠቀልለው ሹፌርም ይኸንኑ ጥያቄ እናንሣለት።